ጅራቱን የቆረጥኩት ቃል

ቅዳሜ፣ መስከረም 22፣ ጠዋት

ኮ. ዛሬም ደርቆ ቀረ። ኮ. ማለት ኮምፒዩተር ነው፣ ደብተሬ ሆይ። ረጅም ቃል ሲሆን እጄ አይታዘዘኝም። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፤ ያስቆጠረችኝ አ. ናት። አ. ሚስቴ፣ አበባ፣ ነፍሷን ይማር።
በልጃችን በሳራ የምረቃ ድግስ ቪዲዮ ላይ አ. ተነሥታ ልጇን ትመርቃለች። "ልጄ" ልትል "ል፣ ል፣ ል" ትላለች፤ አፏ እንደተከፈተ ይቀራል። አ. በዕድሜዋ ተንተባትባ አታውቅም! ያ የፖሊስ አፈሳ፣ ካሻው፣ መንገድ ዳር የምትሸጥበትን የሻይ ዕቃዋን ሲጭንባት እንኳ ዐረብኛው ከአፏ እንደ ውሃ ነበር የሚፈሰው። ድምፅዋ ያለው እዚህ ኮ. ውስጥ ብቻ ነው። ሌላ የትም የለም።
ፈጣን ኮ. እፈልጋለሁ። በቃ።

ማክሰኞ፣ መስከረም 25፣ ማታ

ሳራ ሪያድ ሰፈር ካለው ክሊኒኳ ደክሟት መጣች። ጫማዋን ሳታወልቅ አስረዳችኝ። ግማሹን በዐረብኛ። ልጄ አማርኛዋ እዚሁ ካርቱም የበቀለ ነው።
የኮ. ዲስክ አርጅቷል፤ ይሞታል። ሁለት ዲስክ ገዝቶ አንድ ላይ መጥመድ ነው፣ እንደ ጥማድ በሬ። ስሙ ሬይድ። ትርጉሙን ብጠይቃት ሳቀች። በእንግሊዝኛ ካሻ ማለት ነው፣ አባባ፣ አለችኝ። ካሻ እቤቴ አይገባም አልኩ። እሷ ትስቃለች፣ እኔ እቆጣለሁ።
የማይሽከረከረውን ዲስክ ግዛ አለች፣ ፈጣን ነው። ሁሉም ነገር በሁለቱም ላይ ይገልበጥ፤ አንዱ ቢሞት ሌላው ይተርፋል። ሌላም አጠማመድ አለ፣ ግን አደገኛ ነው፣ እሱን ተወው። ተውኩት። ምን እንደሆነም አልጠየቅኩ።
ለባለሱቁ የምለው ቃል ኑስኻ ነው፣ ግልባጭ። እንዳልረሳው መዳፌ ላይ ጻፍኩ። አሳጥሬ፦ ኑስ.
አብሬህ ልሂድ አለች። ከፖርት ሱዳን ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ስነዳ አስተርጓሚ አስከትዬ አላውቅም። እምቢ።

ሐሙስ፣ መስከረም 27፣ ከሰዓት

አል-ሳሃፋ፣ የኮ. ሱቆቹ ሰፈር፣ ሄጄ መጣሁ። ሙቀት። ኮ.ን በሪክሻ፣ በባጃጁ፣ ጭኜ፣ እንደ ሕፃን አቅፌ።
ባለሱቁ ሙርተዳ ይባላል፤ ሆዳም፣ ሳቂታ። መጀመሪያ የማይሽከረከረውን ሰጠኝ። ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፤ ዝም። ድምፅ የሌለው ሞተር ሙት ነው አልኩት። ያ አሚ፣ አጎቴ፣ ይሄ እኮ ሎሪ አይደለም ብሎ አሾፈብኝ። ያገለገሉትን የሚሽከረከሩ ዲስኮች አስነሣልኝ። አንድ በአንድ አደመጥኩ። አንደኛው ያጓራል፣ ጣልኩት። አንደኛው ይታፈናል፣ ጣልኩት። ሁለቱ ጥሩ ናፍጣ እንደጠጣ ሞተር ልክ ይመታሉ። እነሱን። ሞተር በጆሮዬ ነው የማውቀው።
እንዴት ልጥመዳቸው አለኝ። ላቤ መዳፌን አጥቦት ኖሯል፤ ቢሆንም ኑስ የሚለው ይታያል። ኑስ አልኩት። ኑስ ሂና ኑስ ሂናክ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ? አለኝ። ኑስ በዐረብኛ ግማሽ እንደሆነ አጥቼው አይደለም። የዕቃው ቋንቋ ሌላ ነው ብዬ ነው። ሹፌርም የራሱ ቋንቋ አለው። እርግጠኛ ነህ ወይ አለኝ፤ ፈጣን ነው፣ ግን ያስፈራል። ፈጣን ሲል ልቤ ዘለለ። ኑስ አልኩህ! ባንኮኒውን መታሁት።
የድሮው ዲስክ የያዘው ሁሉ ወደ አዲሶቹ ተሻገረ። የድሮውን ያዘው፣ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ አለኝ። ያረጀ በሬ ምን ያደርግልኛል፣ አጥፍተህ ለድሃ ሽጠው አልኩት።

እሑድ፣ መስከረም 30

አ. ተናገረች! ሳትቆም፣ ሳትንተባተብ። "ልጄ፣ ከእኔ የተሻለ ቀን ይውጣልሽ፤ አባትሽን አትስሚው፣ ግትር ነው፣ ግን አትተዪው።" እንግዳው ሁሉ ይስቃል። እኔም ጥግ ላይ ሆኜ ስስቅ እታያለሁ።
ሳራ ግልባጩ በትክክል መሠራቱን ልይ አለች። እጅሽን እንዳታሳርፊበት አልኳት። ራሴ አስጠምጄዋለሁ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት

ሌሊቱን ወታደሩ መንግሥቱን ያዘ። ኔት የለም። ጀሪፍ፣ ሰፈራችን፣ መንገዱ ላይ ጎማ ይቃጠላል፤ ጢሱ እቤት ይገባል። የጎረቤት ሴቶች መንገድ ለሚዘጉት ልጆች ውሃ ይዘው ወጡ። ሳራ ከሥራ ቀረች።
መብራት ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ይመጣል። ኮ. ሦስቴ ጠፍቶ ሦስቴ ተነሣ። አጥፋው አለችኝ። አ.ን እያየሁ ነው አልኳት።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 17

አንዱ ዲስክ ጧ፣ ጧ ይላል። ጥርሱ የተሰበረ ማርሽ ድምፅ ነው፤ አውቀዋለሁ። ከዚያ ዝም።
አልደነገጥኩም። ግልባጩ አለ፣ ሌላኛው በሬ ደህና ነው አልኳት። ሳራ ቁጭ ብላ ስትነካካ ቆየች። ባለሱቁን ምን ብለህ ነገርከው አለች።
ኑስ።
ኑስኻ አይደለም?
ያው ነው፣ አሳጥሬው ነው።
መጀመሪያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። አባባ፣ እናቴን ለሁለት አስቆረጥካት አለችኝ። የአ. ግማሽ እዚህ፣ ግማሽ እዚያ። ቃሏ ሁሉ ፊደል በፊደል ለሁለት ተከፍሎ። በተረፈው በሬ ላይ ያለው ብቻውን ትርጉም የለውም።
ማሩኝ ማለት አፌ ላይ መጣና ተመለሰ። መምጣቱንስ መጣ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 20

ከተማው ሁሉ ሰልፍ ወጥቷል። ድልድዩ ተዘግቷል። የሙርተዳ ስልክ አይሠራም። የድሮው ዲስክ እሱ ዘንድ ነው፤ አጥፍተህ ሽጠው ያልኩት እኔው ነኝ። ታዞኝ ይሆን? ሰው ሁሉ እንዲታዘዘኝ ስጮህ ኖርኩ። ዛሬ አንድ ሰው ሳይታዘዘኝ ቢቀር እላለሁ።
ሳራ ምግብ ታቀርባለች። አትተዪው ተብላለችና አልተወችኝም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23፣ ጠዋት 2 ሰ.

ጎረቤት ከአል-ሳሃፋ መጣ። ሱቆቹ እስከ ቀትር ይከፍታሉ አለ። የሙርተዳም።
ሳራን ጠራኋት። አብረሽኝ ነይ፣ አንቺ ተናገሪ፣ እኔ ከኋላሽ እቆማለሁ አልኳት። አፈጠጠችብኝ። ሠላሳ ዓመትህስ? አለች። እሱም ከኋላሽ ይቆማል አልኳት። ትንሽ ሳቀች። እናቷን መሰለች።
የድሮው ዲስክ ካለ፣ የማይሽከረከሩትን ሁለት ትመርጣለች። ጆሮዬን አላስጠጋም። ከሌለም፣ የለም ሲል ቆሜ እሰማዋለሁ።
ቃሉን አሁን ከነጅራቱ ልጽፈው ነው፣ ደብተሬ። ኑስኻ። ኮምፒዩተር። ሳራ በር ላይ ናት፣ ያላ አባባ፣ እንሂድ ትላለች። ቆይ፣ አንድ ቀርቶኛል፣ እሷንም ሳሳጥራት ነው የከረምኩት።
አበባ