ሁለተኛው ጉድጓድ

ውድ እውነቱ፣

ቱርሚ ገብተህ ስልክህን እንደዘጋህ ሰምቻለሁ። ማን ነገረሽ አትበለኝ፤ እዚህ አገር ወሬ ከጭነት መኪናው ቀድሞ ይገባል። ስለዚህ ሌላ ሰው አጣፍጦ ሳይነግርህ እኔው ልጻፍልህ።

ያን ቀን ዱስ መንደር አጠገብ፣ ኦሞ ወንዝ መሃል ባሰርናት ተንሳፋፊ መድረክ ላይ፣ የቁፋሮው መዶሻ ነጥሮ ሲመለስ "አለት አገኘን! የድልድዩ እግር እዚህ ይቆማል!" ብለህ ፍየል አሳረድክ። እኔ ደግሞ "ናሙናው የታለ?" አልኩ። ያሳየኸኝ ባዶ የናሙና ቱቦ ነው።

"የአፈር መሐንዲሷ፣ አለት በማንኪያ አይዛቅም!" ብለህ ቆፋሪዎችህን ሁሉ አሳቅህብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን እጮኛዬ ብትሆንም በባዶ ቱቦ አልፈርምም፣ አጠገቡ ሁለተኛ ጉድጓድ ይቆፈር አልኩ። "ሰው ፊት አዋረድሽኝ" ብለኸኝ ሄድክ።

በማግስቱ ከምክትልህ ከሻንቆ ጋር ወጣን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ወንዙ ግን ደጋ የዘነበውን ተሸክሞ ደፍርሶ ይሞላል። የመድረኩ ገመዶች ሲንቋቁ ሻንቆ "እህቴ፣ ልብ ካለሽ ፍጠኚ፣ ከሌለሽ እንውረድ" አለኝ። አልወረድንም። የቁፋሮውን ብረት ወደ ወንዙ ወለል ለቀቅነው። መዶሻ አላስፈለገውም፣ እውነቱ! ገንፎ ውስጥ እንደገባ ጣት በገዛ ክብደቱ ሰመጠ። ነቅለን ሳንጨርስ አንዱ ገመድ ተበጠሰና መድረኩ ዞረ። ሻንቆ በአሪኛ የጮኸው ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጸሎት ግን አይመስለኝም። ወንዙ ዳር የነበሩት ቆፋሪዎች በቀሩት ገመዶች ተንጠላጥለው ጎትተው አወጡን።

ወንዙ ሲጎድል አንተ የተውከውን የመጀመሪያ ጉድጓድ ወደ ታች ገፋንበት። ጥቁር እንጨት ወጣ። ጎርፍ አምጥቶት ደለል የቀበረው ትልቅ ግንድ ነው፤ ከሥሩ ያው ጭቃ። ያን ሁሉ ድልድይ፣ ያን ሁሉ መንገደኛ፣ ለአንድ ግንድ ልናሸክም ነበር።

እንግዲህ ጭቃው ውስጥ ጠጠር እየከተትን፣ እየጠቀጠቅን መሬቱን ካላጠነከርነው እግሩ አይተከልም። ይህንን ሪፖርት አድርጌያለሁ። የመጀመሪያውን ጉድጓድ "አለት ነው" ያለው ማን እንደሆነም ጽፌያለሁ። ስምህ ላይ ስደርስ ብዕሬን አስቀምጬ እንደገና አነሳሁት። አልዘለልኩትም።

ከፋሲካ በኋላ ጂንካ አባቴ ቤት ሽማግሌ ልትልክ ነበር። አሁንም የምትልክ ከሆነ ይህን ደብቀህ እንዳትልካቸው። "ልጅቷ እኔን እንኳ አላመነችኝም፣ ደግማ አስቆፍራለች" በላቸው። ያንን ሰምተውም ከመጡ፣ የእኔ መልስ እሺ ነው።

የናፈቀችህ፣
ሰገነት