ሁሉንም ብሔረሰብ በቤተ ዘመድዎ ለወከሉልን ሊቀ መንበር

ይድረስ ለክቡር ጓድ ደሞዝ አዘዘ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤
ባሕር ዳር።

ክቡር ሆይ፣ የጣና ነፋስ ለጤናዎ፣ የሥልጣን ወንበርዎ ለወገብዎ ይስማማዎ እያልሁ በአክብሮት እጅ እነሣለሁ።

እኔ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የምሸጠው ሸምሲያ ዓብደላ ነኝ። በስብሰባ «ሂስ ያዳብረናል» ስላሉን፣ እርስዎን ለማዳበር ያህል ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።

አንደኛ፣ ቀበሌያችን እርስዎ ሲሾሙ እንደነበረው እንዳልሆነ አይጠፋዎትም። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ከወለጋ፣ ከሐረርና ከትግራይ ሠራተኛ አምጥቶ ግቢውን ሁሉ ሞልቶታል። የኮሚቴው ወንበር ግን ይፋግ አጠገብ ካለው መንደርዎ ሰዎች እጅ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ በሚመጣው አውቶቡስ ባሕር ዳር ገብቶ ሹመት የማይጠብቀው ሾፌሩ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ይህን በስብሰባ ባነሣሁ ጊዜ «እናንተ እንግዶች ትንሽ ታገሡ» አሉኝ። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ለወለድሁት ሴት፣ ትናንት የመጡት እርስዎ የእንግድነት ማዕረግ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን አልቅሻለሁ።

ደግነትዎ በዚህ አላበቃም፤ ወዲያው ሁላችንንም ወከሉን። የወንድምዎ ልጅ አለበል ወታደር ሳለ ነቀምት ላይ ታሞ ስለተኛ የወለጋ ሰዎች ተወካይ ሆነ። አማችዎ ከእኔ ሱቅ ጋቢ ስለሚገዙ የሙስሊሞች፣ አጎትዎም ሦስት ሚስት ስለፈቱ የሴቶች ተወካይ ሆኑ።

ሦስተኛው ያለፈው ሰኞ የሆነው ነው። የብሔረሰቦችን እኩልነት ሊጎበኙ ከበላይ አካል የመጡት ጓድ የወለጋ ተወላጅ ኖረው፣ የቀበሌውን ሱቅ የሚጠብቀውን አለበልን «የወለጋ ተወካይ» ሲባል ሰምተው የአገራቸው ሰው መስሏቸው በኦሮምኛ «አካም ጅርታ?» ብለው ሰላምታ ሰጡት።

አለበልም ቀጥ ብሎ ቆሞ «ስኳር አልቋል» አለ።

እንግዳው ግራ ቢገባቸው፣ ለአራስ ሚስቱ ስኳር ሊገዛ የመጣው የወለጋው ሸማኔ ፊጤ ከኋላ ሆኖ «ጓድ፣ አይፍረዱበት፤ በኦሮምኛ ላናገረው ሁሉ የሚመልሰው ይኸንኑ ነው» አላቸው። ሱቁን ሲያስከፍቱ አለቀ የተባለው ስኳር ከነጆንያው እስከ ጣራ ተደርድሮ ቆያቸው። እንግዳው በሩን ይዘው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ሳቃቸው ሲያበቃ ስኳሩ በዚያው ቀን ለሁሉም እንዲታደል፣ እሑድም አዲስ ምርጫ እንዲደረግ አዘዙ። የፊጤ ሚስትም አጥሚቷን አጣፍጣ ጠጣች።

ስለ ትርኢቱ፣ ማንም ሳይወክለኝ በራሴ አፍ፣ ከልብ አመሰግናለሁ።

ገና ሳይለቁት ለናፈቅሁት ወንበርዎ ዝቅ ብዬ እጅ በመንሣት፣
ሸምሲያ ዓብደላ

ማሳሰቢያ፦ እሑድ እርስዎም መወዳደር ይችላሉ። ጎረቤቶቹ የተስማሙበት መስፈርት አንድ ብቻ ነው፤ ከቤትዎ ግራና ቀኝ የሚኖሩትን ሰዎች ስም መጥራት። ጊዜው አጭር ስለሆነ ከወዲሁ ጥናት ቢጀምሩ ብዬ ነው።