የእትዬ ዘሐራ ጄል

ገዳሪፍ፣ ሚያዝያ 2004

አሰጋሽዬ፣

በውሃ አልሟሟ ያለንን የካንሰር መድኃኒት በዓይን በማይታይ ጄል ጠቅልለን እንዴት ሴል ውስጥ እንደምናስገባው እዚህ ሱዳን ለጉባኤው ተሰብሳቢ አርባ ደቂቃ ሙሉ አስረዳሁ። ራሱን የነቀነቀልኝ ማራገቢያው ብቻ ነው።

ሳይንሱን የተማርኩት ምሳ ላይ ነው። ያረፍኩት ባለሱቋ እትዬ ዘሐራ ቤት ነው። ለጡታቸው ካንሰር የሚወስዱት ክኒን ስለሚተናነቃቸው፣ ወይካ በሚሉት ዝልግልግ የባሚያ ወጥ ጠቅልለው ዋጥ አደረጉት። የእኛም ሥራ መድኃኒት በጄል መጠቅለል ነው ብላቸው፣ «ይህን ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀባችሁ?» አሉኝ።

«ስድስት።»

«ወላሂ፣ ታታሪዎች ናችሁ!»

የእኛ ጄል ጎንደር ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ይበላሻል፤ የእሳቸው በዚህ አርባ ሦስት ዲግሪ ሙቀት እንኳ ምንም አልሆነ። ደግነቱ አንድ ነገር እንበልጣቸዋለን፤ የእሳቸው ጉሮሮ ድረስ ነው፣ የእኛ የካንሰሩ ዕጢ ውስጥ ይገባል። ይህንኑ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳቸው።

«ታዲያ ለእኔ መቼ ይደርሰኛል?» አሉኝ።

«ገና አይጥ ላይ ነው የምንሞክረው» አልኳቸው። ደረቴ ወደ ቦታው ተመለሰ። እሳቸው ሳህኑን አነሱ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። ለሃናና ለቤተ ሙከራው ልጆች በሙሉ ሰላም በይልኝ። እትዬ ዘሐራም ለአይጧ ሰላምታ ልከዋል፤ «አደራ፣ እሷ እንኳ ትዳን» ብለዋል።

ምስጋናው