ሁለት ጣት መዳፍ ላይ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ከእህቴ ጋር ስፌት ቤት ዋልን። ጆሮዋ አይሰማም ብሎ የሚያዝንላት አንድ ቀን አብሯት ይዋል! እጇ ከወሬ አያርፍም። «ወሬኛዋ» ያልናት በከንቱ መሰላችሁ?

ዛሬም ጉድ ሠራችኝ። አንዲት ሙሽራ «ቀሚሴ ነገ ይደርሳል?» ስትላት በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ገና እጅጌ እንኳ አልተሰፋለትም እኮ! ያልገባትን ሁሉ እንደነቀነቀች ነው ያደገችው፤ ሰው እንዳይቆጣባት።

በሆዷ ላለው ልጅ ስም አወጣች። ሁለት ጣቶቿን መዳፏ ላይ አንፈራገጠች... ረጋጩ። «በማን ወጣ?» አልኳት በእጄ። ወደ እኔ ጠቆመች። ባለጌ!

ረቡዕ፣ የካቲት 12

በጠዋት ቀሰቀሰችኝ። ሁለቱን ጣቶች መዳፏ ላይ አስተኝታ አሳየችኝ። ከትናንት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም። ባሏ ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነው። ይዣት ሮጥኩ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዘበኛው «አስታማሚ ውጭ!» አለ።

«አትሰማም እኮ ወንድሜ፤ አፏም ጆሮዋም እኔ ነኝ።»

«ምን ላድርግ እህቴ? የታዘዝኩት ነው።»

ብቻዋን ገባች። ብዙም አልቆየችም፤ ፈገግ ብላ ወጣች። አዋላጇ ትከሻዋን ቸብ አድርጋ ሸኝታታለች። ደህና ባይሆን እንዲህ ይሸኟታል? ተመስገን ብዬ ወደ ቤት ወሰድኳት።

ሐሙስ፣ የካቲት 13

ዛሬም ረጋጩ ጭጭ። ትልቁ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ሆዷን ደጋግሞ አዳመጠ፤ የልብ ምት አላገኘም። «ትናንት ብትመጡ ኖሮ...» አለ። ትናንትማ ጤና ጣቢያ ሄደን ነበር!

ጤና ጣቢያ ሄጄ አዋላጇ ላይ ጮህኩባት። «ይንቀሳቀሳል ወይ ስላት ነቀነቀችልኝ እኮ» አለች። እንባዋ መጣ። በሩ ላይ ባይከለክሉኝ አንድ ቃል ይበቃ ነበር።

ለእህቴ ማን ይንገራት? እኔው። በምን ምልክት... እሷው ያሳየችኝን ነዋ። ሁለት ጣቶቼን መዳፌ ላይ አስተኛሁ።

እሑድ፣ የካቲት 30

እጇ ዝም ካለ ሰነበተ። ቁልፍ ትተክላለች፣ ትተኛለች። የምትለቀልቀው ወሬ ናፈቀኝ።

ጎረቤታችን ልትጠይቃት መጣች። «እግዜር ይካስሽ ልጄ። ሌላ ይሰጥሻል» አለቻት። እንደ ልማዷ ትነቀንቃለች ብዬ ጠበቅሁ። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አለች?» አለችኝ በእጇ።

ሰው ያላትን እንድነግራት ጠይቃኝ አታውቅም ነበር። ነገርኳት። ሴትዮዋን ትክ ብላ አየቻትና ራሷን ወዘወዘች። አይሆንም።

ለባዕድ «አይ» ስትል ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ምነው ያን ረቡዕ በሆነ...