ሳይሞቱ ለተለቀሰላቸው የእድራችን ሊቀመንበር

ለተከበሩ አቶ አምኃ፣
በካርቱም የጀብራ ነዋሪ ኢትዮጵያውያን መረዳጃ እድር ሊቀመንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ወባው ለቆዎት በእግርዎ መቆምዎን፣ ከዚያም አልፎ ሰው ለማባረር ስብሰባ እስከ መጥራት መበርታትዎን ስሰማ ፈጣሪን አመስግኛለሁ። ግማሽ ቀን ሞተው ለዋሉ ሰው ይህን ያህል ጉልበት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

እኔ በለጡ ነኝ፤ የግሩም እኅት። ወንድሜን በደንብ ያውቁታል፤ ባለፈው ሳምንት የእድሩ መልእክተኛ ሆኖ በየቤቱ እየዞረ የእርስዎን መሞት የተናገረው እሱ ነው። ለዚህ ጥፋቱ በመጪው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላት ፊት አቁመው ከእድሩ ሊሰርዙት መወሰንዎን ሰምቻለሁ። እድር በሰው አገር ስንሞት የሚቀብረን፣ እስክንሞት ደግሞ በስማችን የሚጠራን መሆኑን ለሊቀመንበር ማስረዳት ድፍረት ስለሚሆንብኝ እተወዋለሁ። ግሩም ከዚህ ሌላ የሚሄድበት ቦታ እንደሌለውም ያውቃሉ። ቅሬታዎቼን ግን በትሕትና፣ በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ግሩም ሕመሙ በጠናበት ጊዜ ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማ እንደነበር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። መድኃኒቱን ከጀመረ ወዲህ ድምፆቹ ትተውታል። ያልተመለሰለት ሌላ ነገር ነው፤ የተነገረውን በአእምሮው መያዝ፣ ሐሳቡን ሰብስቦ አንድ ነገር ላይ መቆየት፣ የቱ ቀድሞ የቱ እንደሚከተል መለየት። ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ሰፈር ውስጥ የፋብሪካ ሞተር ፈትቶ ይገጥም የነበረ ሰው፣ ዛሬ ሻይ ሊያፈላ ይነሣና ስኳሩን ብርጭቆው ውስጥ ጨምሮ፣ ውሃውን ሳይጥድ ቆሞ ይቀራል። ሐኪሙ ይህም ራሱ የሕመሙ ክፍል መሆኑን፣ ድምፆቹን ዝም ያሰኘው ክኒንም ይህን እንደማይመልስለት አስረድቶናል። ክቡርነትዎ ግን ሕክምና መማር ሳያስፈልግዎ «ድኗል፤ አሁን ያለበት ስንፍና ነው» ብለው ስለ ፈረዱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፤ መልእክተኛ እንዲሆን የፈቀዱለት ዕለት በርዎ ላይ ቆሜ የለመንኩዎት ጥቂት ነገር ነበር፤ በአንድ ጊዜ አንድ መልእክት ብቻ ይስጡት፣ ቀስ ብለው ይንገሩት፣ ከመሄዱ በፊት መልሶ ይንገርዎ። የእድሩ ጸሐፊ እንዲህ ሲያደርጉለት ክረምቱን ሙሉ አንድም መርዶ አላሳሳተም። እርስዎ ግን ባለፈው ሳምንት ቴሌቪዥኑ እየጮኸ፣ ስልኩን ከጆሮዎ ሳያወርዱ፣ ባሕሪ የሚኖሩት የባለቤትዎ አጎት ጋሽ ተሰማ መሞታቸውን፣ እርስዎ በወባ መውደቅዎን፣ የእሑዱ ስብሰባ መቅረቱን፣ ሴቶቹም ንፍሮ እንዲቀቅሉ በአንድ ትንፋሽ አዝንበውበት «ያላ፣ ፍጠን» ብለው ሰደዱት። ግሩም የቻለውን ያዘ፣ ያልቻለው መንገድ ላይ ወደቀበት። የመጀመሪያው ቤት ሲደርስ በእጁ የቀሩት እርስዎና ሞት ብቻ ነበሩ። ሁለቱን አገናኝቶ ተናገረ።

ሦስተኛ፤ ሕዝቡ እያለቀሰ ግቢዎ ሲገባ፣ ጀላቢያዎን እንደለበሱ ወጥተው በሰው ሁሉ ፊት «መጅኑን» አሉት። እብድ የሚለውን ቃል በአማርኛ መናገር ከብዶዎት ወደ ዐረብኛው መሸሽዎን እንደ ጨዋነት ቆጥሬልዎታለሁ፤ ችግሩ፣ ወንድሜ ሁለቱንም ቋንቋ ይሰማል። ከዚያን ቀን በኋላ በሩን ዘግቶ ተቀመጠ። መሳሳቱን ያውቃል፤ የቱ ላይ እንደተሳሳተ ግን ማግኘት አቅቶት መላልሶ ይጠይቀኛል፤ እኔም መላልሼ እነግረዋለሁ። ለዚህ ይቅር አልልዎትም። ይህንንም በታላቅ አክብሮት ነው የምገልጸው።

አራተኛ ቅሬታ ነበረኝ፤ ስጽፍ ረሳሁት። እኔ ስረሳ ድካም ነው ይባልልኛል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ አገልግሎት ላበርክትልዎ። ሰው ሲሞት ምን እንደተባለለት የመስማት ዕድል ለማንም አይሰጥም፤ ለእርስዎ ግን ወንድሜ ሰጥቶዎታል፣ እኔም ከለቀስተኞቹ መካከል ነበርኩ። በሪክሻ ታጭቀን ስንመጣ ያነባነው ለባለቤትዎ አዝነን ነው። የሟችን ደግነት እያነሡ ማልቀስ ወግ ነውና፣ አልቃሿ ወይዘሮ ማዘንጊያ ስለ እርስዎ የምትለውን ፍለጋ ብዙ ተጨነቀች፤ በመጨረሻ ቁመትዎን አነሣች። ወንዶቹ፣ የእድሩ ድንኳን ከእንግዲህ ለአምጃድ መኪናዎ ጥላ መሆኑ ይቀር እንደሆነ በሹክሹክታ ተጠያየቁ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ከልጅዎ ሠርግ ጀምሮ ጓዳዎ የቀሩትን የእድሩን ድስቶች ወራሽ ሳይቆልፍባቸው እናውጣ ተባብለን ነበር። በሕይወት ብቅ ሲሉ የሰሙት ጩኸት የደስታ መስሎዎት ከሆነ፣ እባክዎ እንደዚያው ይመኑ።

ዕድሜዎ እንዲረዝም፣ ረዝሞም ይህን ሁሉ አንድ በአንድ እያስታወሱ እንዲኖሩ ከልቧ የምትመኝልዎ፣

አክባሪዎ
በለጡ፣ የግሩም እኅት
ጀብራ፣ ካርቱም

ማስታወሻ፦ ለእሑዱ ስብሰባ አባላትን የሚጠራልዎ ሰው እንዳጡ ስለሰማሁ፣ ትናንት ወንድሜን እጁን ይዤ ከቤት አወጣሁትና አንድ መልእክት ብቻ ሰጠሁት፤ ቀስ ብዬ ነገርኩት፣ መልሶ ነገረኝ። ጀብራን ቤት ለቤት አዳረሰው፤ ከኋላው እየሄድኩ ጠየቅሁ፣ አንድም ቤት አልተሳሳተም። መልእክቱ፣ ከአባላቱ የሚበዙት ፈርመው በመጠየቃቸው በመተዳደሪያ ደንባችን መሠረት እሑድ የሊቀመንበር ምርጫ ይደረጋል የሚል ነው። ወደ እርስዎ ቤት ግን አልላክሁትም። የእርስዎን ሁለተኛ መርዶ ተሸክሞ እርስዎው ደጅ እንዲቆም ማድረግ ግፍ መስሎ ታየኝ፤ ስለዚህ እኔው ነገርኩዎ።