አንድ ልጅ ልጅ አይደለም ላለው ኮምፒውተር ጌታ

ለተከበሩ ኢንጂነር ባስልኤል
የእድራችን የኮምፒውተር ጉዳይ ኃላፊ
ሳን ሆዜ

ክቡርነትዎ፣ ከነሙሉ ቤተሰብዎ ጤና እንዲበዛልዎ፣ ወገብዎ ከወንበር፣ ዓይንዎ ከስክሪን እንዲተርፍልዎ እመኛለሁ። እኔ በኦክላንድ ደህና ነኝ። በዕድሜ ልጄ ስለሆኑ «አንተ» ልልዎት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ልጅ እንደሌለኝ የወሰኑት እርስዎ ስለሆኑ በ«እርስዎ» ጸናሁ። ፊደል አልቆጠርኩም። ይህን የምትጽፍልኝ ጎረቤቴ ሲና ናት፤ «ትንሽ ላለስልሰው ጋሼ» ብትለኝ እምቢ ብያለሁ።

አስቀድሜ ላመስግን። የኦክላንዱንና የሳን ሆዜውን እድር አንድ ለማድረግ የአባላቱን መዝገብ በኮምፒውተር ስላሻገሩልን እግዜር ይስጥልን። በስብሰባው እንዳስረዱን፣ ሲናም ደግማ እንዳስረዳችኝ፣ እያንዳንዱ አባል «ክላስ» በሚባል ቅርጽ ይሠራል፤ በእያንዳንዱ ነገር አናት ላይ ደግሞ «ዲኮሬተር» የሚባል ምልክት ይለጠፍና ይህ ስም ነው፣ ይህ ቁጥር ነው፣ እነዚህ ልጆች ናቸው ይላል። ሰውዬው በዚያ ምልክት መሠረት ኤክስኤምኤል ወደሚባል ጽሑፍ ተለውጦ ከኦክላንድ ይላካል፤ ሳን ሆዜ ሲደርስ ከጽሑፍነት ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ድንቅ ነው። እኔ ግን ከኦክላንድ ስነሳ የአንድ ልጅ አባት ነበርኩ፤ ሳን ሆዜ ስደርስ መካን ሆንኩ። ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘውን የኤይት ኤይቲ አውራ ጎዳና ስንት ዓመት ተመላልሼበታለሁ፤ ጃኬት ረስቼ አውቃለሁ እንጂ ልጅ ጥዬ አላውቅም።

ቁጥር እንደሚወዱ ስለማውቅ አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ምልክትዎ «ልጆች» ስለሚል ሁለትና ከዚያ በላይ ሲመጡ ሰልፍ ናቸው ብሎ በደስታ ይቀበላል። አንዷ ብቻዋን ስትመጣ ግን «ይህች ሰልፍ አይደለችም፣ ዓይነቷ አልገጠመም» ይልና ጥሏት፣ በቦታዋ ባዶ ይጽፋል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ፋርማሲው ሳይከፈት ብቻዬን በሩ ላይ ስቆም ሰልፍ አይደለሁም? ከኋላዬ የሚመጣው ሰውዬ እኮ አልፎኝ መግባት አይችልም።

ሁለተኛ፣ ኮምፒውተርዎ ባዶውን አይቶ ዝም ቢል በወደድኩ። እሱ ግን አዝኖልኝ «ጧሪ ቀባሪ የሌላቸው» ከተባሉት ጋር ደባለቀኝ። ኮሚቴውም እነ ወይዘሮ ነጃትን ልኮ አንድ ጆንያ ሩዝ፣ አንድ ከዘራ፣ አልባኒ ከተማ ስላለ የአረጋውያን መኖሪያ የሚያወራ ወረቀትም አደረሰልኝ። ለደግነታቸው ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። እነሱ ደረጃው ላይ ሲያለከልኩ ሩዙን ተሸክሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ከዘራውንም ሲወርዱ እንዲደገፉበት ለወይዘሮ ነጃት መልሼላቸዋለሁ።

ሦስተኛ፣ ይሄኛው አያስቅም። በእሁዱ ስብሰባ ስሜ ከእነዚያ ጧሪ ቀባሪ ከሌላቸው ጋር በማይክራፎን ሲነበብ ልጄ ተናኘ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። እኔና ነፍሷን ይማርና እናቷ ዘነቡ በስለት ያገኘናት፣ ከካስትሮ ቫሊ እየነዳች መድኃኒቴን የምታመጣው፣ እኔን ሐኪም ቤት ለማመላለስ ስንት ቀን ከሥራዋ የቀረችው ተናኘ። «አባዬ፣ ለሩዝ ብለህ ነው የካድከኝ?» ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ኮል ሳደርግላት አታነሳም፤ መድኃኒቱን በር ላይ አስቀምጣ ትሄዳለች። ደወሉን እንኳ አትነካም። ኮምፒውተሩ ነው እንዳልላት፣ «ኮምፒውተር አይሳሳትም» ብለው በዚያው ማይክራፎን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።

አራተኛ፣ ደውዬ ስነግርዎት የሰጡኝ መፍትሔ። «ጋሼ፣ ለጊዜው ሁለቴ እናስገባት፤ ሁለት ስትሆን ታልፋለች» አሉኝ። ጭንቅላትዎን አደንቃለሁ። የአንዷን ተናኘ ኩርፊያ አልቻልኩም፤ ሁለተኛዋን በምን አቅሜ ልቻላት? ነገ በሰማይ ዘነቡ «ያቺን ሁለተኛዋን ከማን ወለድካት?» ብትለኝስ፣ እርስዎ መጥተው ስለ ዲኮሬተር ሊያስረዱልኝ ነው?

አምስተኛ የለኝም።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ሲስተሙን በፈለጉ ጊዜ ፊክስ ያድርጉት፤ እሱ የእርስዎ ሙያ ነው፣ አልገባበትም። በመጪው እሁድ ግን ያንኑ ማይክራፎን ይዘው ይቁሙና «ጋሽ ሀብቱ ልጅ አላቸው፤ ስሟ ተናኘ ነው፤ እሳቸው አልካዷትም፣ የጣልናት እኛ ነን» ይበሉልኝ። በኢሜይል አይሆንም። የተዋረደችው በአደባባይ ነውና ካሳዋም በአደባባይ ነው። እሷ እንድትመጣ ሲና ትነግራታለች፤ የሲናን ስልክ ታነሳለች።

ለክቡርነትዎ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ብቻ ጎንበስ ብዬ፣ ሥልጣንዎን ከመፍራት ሳይሆን አባቴ ካስተማረኝ ጨዋነት የተነሳ እጅ የምነሳ፣

መካኑ የተናኘ አባት
ሀብቱ
ኦክላንድ

ማስታወሻ፦ አብኔር የሚባል አንድ ወንድ ልጅ ብቻ እንዳለዎት ሰማሁ፤ ያሳድግልዎ። እስኪ አጠገብዎ ያስቀምጡትና በዚያ ኮምፒውተር ይፈልጉት። ያጡት እንደሆነ፣ ይህ ነገር ለልጅ እንዴት እንደሚነገር እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎትና፣ እባክዎ ደውለው እኔንም ያስተምሩኝ።