ተስማምታችሁ አንድ ስም አምጡ ላሉን ርዕሰ መምህር

ለተከበሩ የልጆቼ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? ጉዳይ ሁሉ የሚያልፍበት፣ ውሳኔ ግን የማያርፍበት ጠረጴዛዎስ እንደምን ከርሟል? እኛም እንደ ደህና ሰው ወጥተን እንገባለን። የምጽፍልዎ በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የምሠራ፣ ሁለት ሴት ልጆቼን እርስዎ ዘንድ የማስተምር እናት ነኝ። አንዷን ወልጃታለሁ። ሌላዋ የሟች እህቴ ልጅ ስትሆን፣ ጡት ከጣለች ጀምሮ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። የወለድኳት በገባችበት ሁሉ በር ስለምታስጮህ ሰፈሩ «ነፋሴ» ይላታል። የእህቴ ልጅ ደግሞ ተናግራ ከምትሳሳት ዝም ብላ ብትራብ የምትመርጥ ናትና «ጭምቴ» ተብላለች። የሚበላለጡት በወራት ነው።

ልጆቼ ስለ ባሕር ማዶው ዓለም አቀፍ አዳሪ ትምህርት ቤት መጀመሪያ የሰሙት ከእርስዎ ስለሆነ፣ ምስጋናዬን ከዚያ ልጀምር። ከዚያ የመጡትን እንግዶች ጋብዘው በአዳራሹ ፎቶግራፎቹን ሲያሳዩ፣ ከየአገሩ የመጡ ልጆች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ሲከራከሩ ልጆቼ አዩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነፍሳቸው ተሳፍራ ሄዳለች፤ ለእራት የሚቀመጠው ሥጋቸው ብቻ ነበር። ነፋሴ ብርዱን ካሁኑ ልልመደው ብላ መስኮት ከፍታ ስትተኛ፣ ጉንፋን የሚይዛት ጭምቴን ነበር። ጭምቴ የዚያን አገር ሰዓት በልቧ ይዛ፣ ሳህን እያጠበች «አሁን ከክፍል እየወጡ ነው» ትለናለች። አንድ ክፍል እንጋራለን ብለው ተማምለው፣ የላይኛው አልጋ የማን ይሁን በሚለው ተጣልተው ታርቀዋል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር የሆነው ባለቤቴም «በቃ፣ የባሕር ማዶውን መስመር ለእኔ ይስጡኝ» እያለ ይቀልድ ነበር። ወጪውን አዳሪ ትምህርት ቤቱ ራሱ እንደሚሸፍን ከተነገረን በኋላ ግን ቀልዱን ተወ፤ ተስፋ ማድረግ ጀምሮ ነበርና።

አንደኛው ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ ትሕትናዎን የሚመለከት ነው። ሁለቱም ፈተናውን አልፈው የእርስዎ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ እንደቀረ በታወቀበት ሰኞ፣ ቢሮዎ አስጠርተው ሻይ አዘዙላቸውና እንዲህ አሏቸው፤ «ትምህርት ቤታችን መደገፍ የሚችለው አንድ ተማሪ ነው። እናንተ ደግሞ የአንድ ቤት ልጆች ናችሁ። ተስማምታችሁ እስከ ዓርብ አንድ ስም አምጡልኝ፤ እናታችሁም አብራችሁ ትምጣ።» ዕድሜዎን ሙሉ ልጅ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ለእርስዎ የከበደ ውሳኔ ለሁለት ልጆች እንደማይከብድ መረዳትዎ የሚደነቅ ነው። ትከሻቸውን መታ መታ አድርገው ሸኟቸው። ስለ ሻዩም እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛው፣ ከሻዩ በኋላ ቤቴ ስለገባው ነገር ነው። ሰኞ ማታ «አንቺ ሂጂ»፣ «የለም፣ አንቺ ሂጂ» ሲባባሉ ሰምቼ እንዴት ያሉ ልጆች ነው ያሳደግሁት ብዬ ነበር። ማክሰኞ ግብዣው ቀረ። ረቡዕ ሆድና ጀርባ ሆኑ። እስከዚያ ድረስ በአንድ መስተዋት ፊት ተገፋፍተው ፀጉራቸውን የሚያበጥሩ ልጆች፣ አንዷ እስክትወጣ ሌላዋ በር ላይ ቆማ መጠበቅ ጀመረች። ወሬውም ሰፈሩን አዳረሰው። የባለቤቴ እህት መጥታ «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም። የወለድሽው አንድ ነው፤ እወቂበት» አለችኝ። ከፊት ለፊታችን ያለችው ባለሱቅ ደግሞ ሳሙና እየጠቀለለችልኝ «የሙት ልጅ አስቀርተሽ የራስሽን ብትልኪ ሰው ምን ይልሻል?» ብላ መከረችኝ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የእኔ ግን በዚያ ሳምንት ለሁለት የተቀደደ ነበር። ባለቤቴ እራት ላይ «ለምን ሳንቲም አንወረውርም?» አለ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት። ሳንቲሙን ወደ ኪሱ መለሰና ምግቡን ሳይጨርስ ተነሣ።

ሐሙስ ጠዋት የሆነው እንዲህ ነው። ጭምቴ የነፋሴን ማበጠሪያ አነሣች። ይኸው ነው፣ ማበጠሪያ። ነፋሴ ከእጇ ነጠቀቻትና፣ «የራስሽ የሆነ አንድም ነገር የለሽም? እናቴን እንኳን የተዋስሻት ከእኔ ነው» አለቻት። በዚህች ቤት ውስጥ ማንም፣ ተቆጥቶም ሆነ ቀልዶ፣ ተናግሮት የማያውቀው ነገር ነበር። ጭምቴ አላለቀሰችም። ቦርሳዋን አንግታ ወጣች። እኔም ነፋሴን እቆጣት ወይም ጭምቴን እከተላት ሳላውቅ፣ ከሁለት ያጣ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ከትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ዝናቡ ጀምሮ ነበር። ባለቤቴ በየፌርማታው ለሚያገኛቸው ሹፌሮች መልኳን እየነገረ ዞረ፤ እኔ የሆስፒታሎችን ድንገተኛ ክፍል በየተራ ደወልኩ። ካርድ ክፍል የሚሠራ ሰው ሲጨንቀው ምን እንደሚያስብ አይጠይቁኝ። በእሷ ዕድሜ ያለች ሴት ልጅ ገብታለች ባሉኝ ቁጥር ምን እንደለበሰች እጠይቅ ነበር። ነፋሴ በቤት ነጠላ ጫማዋ ወጥታ በየመንገዱ ስትሮጥ ቆይታ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ተመለሰችና «ገባኝ፣ የት እንዳለች ገባኝ» አለችኝ። ተከትያት ሮጥኩ።

የእርስዎ በር ላይ ነበረች፣ የተከበሩ ርዕሰ መምህር።

ከክፍል እንደወጣች በቀጥታ መጥታ አንኳኩታለች። በዘበኛዎ በኩልም «ቤቴ ቢሮ አይደለም፤ ነገ ትምጣ» የሚለውን መልስዎን ተቀብላለች። ሥራንና ቤትን እንዲህ ለይተው የሚያውቁ ሰው መሆንዎ የሚያስመሰግን ነው፤ እኛ አልታደልንም፣ የእርስዎ ሥራ እኛ ቤት ሲያድር ነው የሰነበተው። ዘበኛዎ ካፖርታቸውን አልብሰዋት፣ በርጩማቸውንም ለቀውላት፣ እሳቸው በዝናቡ ቆመው አገኘኋቸው። ሳሎንዎ መብራቱ በርቶ ነበር፤ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

እኔ የመሰለኝ የነፋሴን ስም ልትሰጥዎ የመጣች ነው። አቅፌ «ልጄ፣ ይህን ማን ጠየቀሽ? ስለ እኛ ብለሽ መቅረት የለብሽም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «የራሴን ስም ልነግራቸው ነው የመጣሁት» አለች። «መሄድ እፈልጋለሁ፣ እማዬ። ነገ ግን አንቺ ቆመሽ እያየሽኝ እንዲህ ማለት የምችል አልመሰለኝም።»

ነፋሴ ከኋላዬ ቆማ ሰምታለች። «እኔም እፈልጋለሁ» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ጭምቴም ይቅርታዋን አልጠበቀችም። ሦስታችንም በአንድ አውቶቡስ፣ በተለያየ መቀመጫ ወደ ቤት ገባን። ያ የሐሙስ ስድብ ይበርዳል ብዬ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ምኞቷን ከእኔ ደብቃ ለማያውቃት በር ልትናገር መሄዷ ግን እስካሁን አንጀቴን ይበላኛል።

የዓርቡን እርስዎም ያውቁታል። ስም ሲጠይቁ አንዷ «እኔ» አለች፤ ሌላዋም «እኔ» አለች። ወደ እኔ ዞረው «እናት ምን ይላሉ?» ሲሉኝ «ሁለቱም» አልኩ። እርስዎም ፋይሉን ዘግተው «እንግዲያው አልተስማማችሁም። ዘንድሮ ትምህርት ቤታችን ማንንም አይልክም» አሉ። በሩን ራስዎ ከፍተው ሸኙን።

ሦስተኛውን ቅሬታ ያገኘሁት የማመልከቻው ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ልጇን ልታሳክም የመጣች አንዲት እናት ካርድ እያወጣሁላት ስናወራ፣ ከእነሱ ትምህርት ቤት ሦስት ልጆች ለዚያው አዳሪ ትምህርት ቤት እንዳመለከቱ ነገረችኝ። የተሳሳተች መስሎኝ ነበር። የልጆቹ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አብራኝ ሆና ወደ አዳሪ ትምህርት ቤቱ ስልክ ደወልን። ያነጋገረችን ሴት ጥያቄያችንን ደግማ ጠየቀችን፤ ያልገባት መስሏት ነው። ከአንድ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ብቻ የሚል ደንብ የላቸውም። ኖሯቸውም አያውቅም። ለሁለቱም የሚያስፈልገው የእርስዎ ደብዳቤ ብቻ ነበር። ማመልከቻ መቀበያው ግን ተዘግቷል።

ቢሮዎ መጥቼ ይህንኑ ስነግርዎ አልካዱም፤ ለዚህ አከብርዎታለሁ። «ሁሉም ልሂድ ካለ ለእኔ ማን ይቀርልኛል? ጎበዝ ጎበዙን ልኬ በፈተና ውጤት የመጨረሻ ልሁን?» አሉኝ። እነዚያን እንግዶች አዳራሽ ድረስ አምጥተው፣ የልጆቹን ልብ ካስነሡ በኋላ በሩን መቆለፍ ምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚባል ያን ዕለት አልጠየቅሁዎትም። ምላሴ ተያይዞ ነበር። አሁን ተፈትቷል።

ነገሩ የት ደረሰ ቢሉኝ፣ እነሆ። አዳሪ ትምህርት ቤቱ የዕድሜ ገደብ አለው። በሚመጣው ዓመት ነፋሴ በጥቂት ወራት ታልፈዋለች፤ ጭምቴ አታልፈውም። ነፋሴ ይህን በሰማች ቀን አንሶላ አውጥታ በሁለቱ አልጋዎች መካከል እንደ መጋረጃ ሰቀለችው። ባለቤቴ ላውርደው ሲል እኔ ከለከልኩት። ጭምቴ ለሚመጣው ዓመት የቃል ፈተና ማታ ማታ እንግሊዝኛ ድምፅ እያሰማች ታነባለች። ለብዙ ጊዜ ከመጋረጃው ወዲያ ምንም አይሰማም ነበር። ባለፈው ሳምንት አንድ ቃል አሳስታ ስታነብ ነፋሴ ከወዲያ ሆና አረመቻት። ጭምቴ ደግማ አነበበችው። «አሁንም አይደለም» አለቻት። እንደገና አነበበችው። አሁን በየምሽቱ ታርማታለች። መጋረጃው ግን አልወረደም።

ስለዚህ የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ ለጭምቴ የሚሆነውን ደብዳቤ እንዲጽፉላት በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ለነፋሴ ደግሞ የዕድሜ ገደቡ እንዲታለፍላት፣ የዘገየችው በእርስዎ ፈቃድ እንጂ በራሷ ስንፍና አለመሆኑን በፊርማዎ መስክረው ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ እንዲጽፉላት። ለዚህ ከልጆቹ ጋር መስማማት አያስፈልግዎትም። ከብዕርዎ ጋር ከተስማሙ ይበቃል።

ውሳኔ ሁሉ ርቆዎት፣ ሻይ ሁሉ ቀርቦልዎት እንዲኖሩ ከልብ የምትመኝ፣ ለበላይ አካል ከመጻፏ በፊት ለእርስዎ መጻፍ ጨዋነት የመሰላት፣

አክባሪዎ፣
የሁለት ልጆች እናት

ማሳሰቢያ፦ ለልጆቹ መልስ ለመላክ ከፈቀዱ፣ እባክዎን ለየስማቸው ለየብቻ ይላኩላቸው። በአንድ ፖስታ ከትተው «ተስማምታችሁ ክፈቱት» እንዳይሏቸው።